ጎልማሳውን ተማሪ የሚጥለው የጊዜ አጠቃቀም ሳይሆን ደንቡ ነው

ሥራና ቤተሰብ ይዞ በኢንተርኔት ለሚማር ጎልማሳ የሚለገሰው ምክር ዘወትር አንድ ነው፤ «ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም»። ሌሊቱን በረዳት ነርስነት ሠርታ፣ ማለዳ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ከእንቅልፏ ቀንሳ ኮምፒውተር የምትከፍት እናት ግን የጊዜን ዋጋ ከመካሪዎቿ ይበልጥ ታውቃለች። በአሜሪካ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወገኖቻችን ያጡት የሰዓት ዕቅድ አይደለም፤ ኑሯቸውን ያገናዘበ ደንብና ደንቡን በግልጽ የሚያስረዳቸው ተቋም ነው።

የፌዴራሉን የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ሥርዓት እንመልከት። ድጋፍ የሚቀበል ተማሪ ከትምህርት ወቅቱ 60 በመቶው ከማለፉ በፊት ሁሉንም ኮርሶች ካቋረጠ፣ ከድጋፉ «ያልተገባው» ተብሎ የሚሰላው ድርሻ ተመላሽ ይሆናል፤ በዚህም ሳቢያ ተማሪው የኮሌጁ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ የማቋረጡን ቀን እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ልጁ ታሞበት ያቋረጠና ትምህርቱን ችላ ብሎ የተወ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። በተጨማሪም ድጋፉ እንዲቀጥል ትምህርቱ ከተመደበለት ርዝመት ከ150 በመቶ ባልበለጠ መጠናቀቅ አለበት፤ 60 ክሬዲት ለሚጠይቅ ትምህርት ጣሪያው 90 የተሞከረ ክሬዲት ነው። የሥራ ፈረቃ ተለውጦበት ያቋረጠው ኮርስ ከዚሁ ላይ ይታሰብበታል።

የሚያስቆጨው ሕጉ ራሱ መውጫ በር ማበጀቱ ነው። የትምህርት ወጪ ሲሰላ፣ ልጅ ያለው ተማሪ የልጅ ማስጠበቂያ ወጪው እንዲታሰብለት ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሚታሰበውም የክፍል ሰዓት ብቻ ሳይሆን የጥናት ሰዓትም ጭምር ነው። ይህ የድጋፉን ጣሪያ ከፍ ያደርጋል እንጂ በራሱ ገንዘብ አይሆንም፤ ቢሆንም በቤቱ ለሚማር ወላጅ ትልቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል። በሕመም ወይም በዘመድ ሞት ወደኋላ የቀረ ተማሪም ይግባኝ ማቅረብ ይችላል፤ ኮሌጁ ይግባኝ የሚቀበል ከሆነ። ችግሩ ያለው በዚህ «ከሆነ» ላይ ነው፤ ሕጉ ለኮሌጁ ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም። ጎልማሳው ተማሪ ደግሞ የእነዚህን መብቶች መኖር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ዕዳው ከመጣበት በኋላ ነው።

«ደንቡ ከላላ የሕዝብ ገንዘብ ይባክናል» የሚሉ አሉ። የሕዝብ ገንዘብ የሚባክነው ግን በግማሽ መንገድ ያለ ዲፕሎማ፣ ከዕዳ ጋር በሚቀር ሰው ላይ ነው። ለአንድ ወቅት አርፎ ተመልሶ የሚጨርስ ተማሪ የወጣበትን ወጪ በሙያው ይመልሳል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. የፌዴራል ድጋፍ የሚያስተናግድ ኮሌጅ ሁሉ ይግባኝ የመስማት ግዴታ ይኑርበት፤ የልጅ ሕመምና የሥራ ፈረቃ ለውጥ በቂ ምክንያቶች ተብለው በግልጽ ይጻፉ።

2. የልጅ ማስጠበቂያ ወጪ ጥያቄ ተማሪው ፈልጎ የሚያገኘው ሳይሆን ኮሌጁ አስቀድሞ የሚያቀርበው ይሁን።

3. አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ያሉ ኮሌጆች እነዚህን ደንቦች በአማርኛ ያሳውቁ።

እስከዚያው ድረስ፣ በዚህ ወቅት የምትመዘገቡ ወገኖች ለኮሌጃችሁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አቅርቡ፤ የልጅ ማስጠበቂያ ወጪዬ ታስቦልኛል ወይ? ባቋርጥ ስንት ዕዳ ይመጣብኛል? መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።