የጸደቀ ካሳና የደረሰ ካሳ

በአሜሪካ የቡድን ክስ የተስፋፋው ለአንድ ቀላል የሒሳብ ችግር መፍትሔ ሆኖ ነው። አንድ ኩባንያ ከአንድ ሚሊዮን ደንበኞቹ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር ያላግባብ ቢወስድ፣ ያንን ለማስመለስ ጠበቃ የሚያቆም ደንበኛ አይገኝም፤ የጠበቃው የአንድ ሰዓት ክፍያ ከጉዳቱ ይበልጣልና። ኩባንያው ግን ሠላሳ ሚሊዮን ዶላር ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሻሻለው የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ይህን ሚዛን ለወጠ። በደንቡ መሠረት ጥቂት ከሳሾች ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሁሉ ወክለው ይቆማሉ፤ በካሳ ክስ ራሱን በግልጽ ያላገለለ ተጎጂ ሁሉ የቡድኑ አባል ሆኖ ይቆጠራል፤ የክርክሩም ወጪ ለሁሉ ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂል በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ብሂሉ የሚሠራው ግን እስከ ስምምነቱ ድረስ ነው። ተከሳሹ ለመክፈል ተስማምቶ ዳኛው ስምምነቱን ካጸደቀ በኋላ ሸክሙ በብዙ ጉዳዮች ወደየግለሰቡ ይመለሳል። ማስታወቂያውን ማንበብ፣ ጉዳዩ ራስን እንደሚመለከት መረዳት፣ ቅጽ መሙላት፣ ማስረጃ ማያያዝና ቀነ ገደቡን ማክበር እያንዳንዱ ተጎጂ ለብቻው የሚወጣው ሥራ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ቅጽ ማስገባትን በሚጠይቁ ስምምነቶች የካሳ ጠያቂዎች መካከለኛ ድርሻ 9 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ማስታወቂያ በተላከላቸው ሰዎች ብዛት ሲመዘን ደግሞ አማካዩ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል።

ይህን ውጤት በተጎጂዎች ቸልተኝነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የቡድኑ ጠበቃ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከጠቅላላው የስምምነት ገንዘብ ስለሆነ፣ አንድ ተጨማሪ ተጎጂ ቅጹን መሙላቱ የጠበቃውን ገቢ እምብዛም አይለውጠውም። ያልተጠየቀው ገንዘብ ወደ ተከሳሹ በሚመለስበት ስምምነት ደግሞ ያልተሞላ ቅጽ ሁሉ ለተከሳሹ ትርፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ይቆጣጠራል እንጂ በር አያንኳኳም። የመጨረሻውን ሰው ፈልጎ ማግኘት የማንም ገቢ የማይጨምር ሥራ በመሆኑ ሳይሠራ ይቀራል።

የዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክ ዋጋ በዚህ ክፍተት ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ክሊኒኮቹ በአሜሪካ በስፋት የተተከሉት ከ1968 ወዲህ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው። ተማሪዎች ፈቃድ ባለው መምህር ቁጥጥር ሥር የእውነተኛ ባለጉዳዮችን ጉዳይ ይይዛሉ፤ ባለጉዳዩ አይከፍልም፤ ተማሪው ደግሞ ዋጋውን የሚያገኘው በትምህርትና በልምድ ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ ከስምምነቱ ገንዘብ በሚያገኘው ድርሻ ላይ የቆመ ተቋም አይደለም። ለንግድ የሚሠራ የጥብቅና ቢሮ አዋጭ ሆኖ የማያገኘውን የአንድ ለአንድ እገዛ መስጠት ይችላል።

የተማሪ ብድር ክስ ይህ እገዛ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሳያል። ትምህርት ቤታቸው ያታለላቸው ተበዳሪዎች የፌዴራል ብድራቸው እንዲሰረዝ የማመልከት መብት በሕግ ነበራቸው። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ግን ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል የመጨረሻ ውሳኔ መስጠት አቆመ፤ ከ160 ሺህ በላይ ማመልከቻዎችም ተከማቹ። በ2019 በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ አገልግሎት ማዕከል ሥር የነበረ ፕሮጀክት ከአንድ የካሊፎርኒያ ድርጅት ጋር ሆኖ ሰባት ተበዳሪዎችን በመወከል የቡድን ክስ መሠረተ። የመጀመሪያው ስምምነት መሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ የእምቢታ ደብዳቤዎችን በጅምላ በመላኩ በ2020 ፈረሰ። በኅዳር 2022 ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ ያጸደቁት ሁለተኛው ስምምነት 200 ሺህ ያህል ተበዳሪዎች በድምሩ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ እንዲሰረዝላቸው አደረገ።

ከቢሊዮኖቹ ይልቅ የስምምነቱን ቀኖች መመልከት የበለጠ ያስተምራል። ስምምነቱ በዘረዘራቸው ትምህርት ቤቶች ተምረው እስከ ሰኔ 22 ቀን 2022 ያመለከቱ ሰዎች ዕዳቸው በቀጥታ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር 15 ያመለከቱት ያገኙት በሦስት ዓመት ውስጥ ውሳኔ የማግኘት መብት ነው። ከኅዳር 15 በኋላ ያመለከቱት ከስምምነቱ ውጭ ቀሩ። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ፣ እኩል ዕዳ ያለባቸውና እኩል የተታለሉ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ዕጣ ደረሳቸው፤ ልዩነታቸው ወሬውን የሰሙበት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። በግንቦት ወር ቅጽ ያስሞላ አንድ ተማሪ ለአንድ ቤተሰብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አትርፎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የዬል ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ወታደሮች የሕግ ክሊኒክ ከሠራዊቱ ጋር የደረሰበት፣ በ2021 የጸደቀው ስምምነትም ተመሳሳይ መልክ አለው። ከጦርነት በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ምክንያት ያላግባብ ከክብር ስንብት ከተከለከሉት መካከል የቅርቦቹን ጉዳይ ሠራዊቱ ራሱ መልሶ እንዲያይ ታዘዘ። ቀደም ያሉት ግን እንደገና ማመልከት ነበረባቸው፤ ለማመልከት ደግሞ መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። የካሳው ገንዘብ መጠን ቋሚ ከሆነ ጠያቂ በበዛ ቁጥር የየግለሰቡ ድርሻ ያንሳል፤ ተከሳሹ ላይ የሚደርሰው ቅጣትም አይጨምርም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማስታወቂያውን ማንበብ የቻለው ብቻ ሌላውን ተጎጂ ድርሻ የሚወስድበት አከፋፈል ፍትሐዊ ሊባል አይችልም። ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ክስ ዓመታት ይወስዳል፣ ተማሪ ግን በሴሚስተር ይለዋወጣል። ይህ ክሊኒኮችን ለረጅም ክርክር ደካማ ያደርጋቸዋል። በጥቂት ወራት ለሚከፈትና ለሚዘጋ የማመልከቻ ጊዜ ግን የሴሚስተሩ ርዝመት ይስማማል። ክሊኒክ ሁሉ ሃርቫርድን ወይም ዬልን መሆን አይጠበቅበትም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ጉዳዩ የቋንቋም ነው። ደንብ ቁጥር 23 ማስታወቂያው በግልጽና በቀላሉ በሚገባ ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል፤ ተጎጂው በሚያነበው ቋንቋ እንዲሆን ግን አያስገድድም። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መነሻ ወሳኝ ሰነዶቹን ወደ አማርኛም ያስተረጉማል። ሕጉ የሚመለከተው ግን የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ስለሆነ፣ የቡድን ክስ ማስታወቂያ ተራ ማስታወቂያ መስሎ ከፖስታ ሣጥን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ሊሄድ ይችላል።

ለሥራው የሚሆን ገንዘብ አይጠፋም። ጉግል በ8.5 ሚሊዮን ዶላር በተስማማበት የግላዊነት ክስ ተጠቃሚዎቹ 129 ሚሊዮን ያህል ተብለው ስለተገመቱ፣ ከወጪ የተረፈው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ለስድስት ተቋማት እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር፤ የሃርቫርድና የስታንፎርድ ማዕከላትም ነበሩበት። ለተጎጂዎች ሊከፋፈል የማይችል ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲ ምርምር እንዲውል ሊወሰን ከቻለ፣ ሊከፋፈል በሚችልበት ጉዳይ ተጎጂዎችን ለሚፈልግ ክሊኒክ ጥቂት ድርሻ አስቀድሞ መመደብ አይከብድም። ዳኞች ስምምነት ሲያጸድቁ ይህን ሊጠይቁ ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎችም ክሊኒኮቻቸውን በመሠረቱት ክስ ብዛት ብቻ ሳይሆን ካሳው በእጃቸው በገባ ሰዎች ቁጥር ሊመዝኑ ይገባል። በዲያስፖራው ያሉ ጠበቆች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና አስተርጓሚዎች በበኩላቸው በአቅራቢያቸው ካለ ክሊኒክ ጋር ተስማምተው በማመልከቻ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በማኅበር አዳራሽ ቅጽ ሊያስሞሉ ይችላሉ። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቀነ ገደቡን የሚከታተል ሰው ነው።