ዘበኛ የሆነው የአስም ክኒን



ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት በቅርቡ ወደ እኔ መጥተው በአንድ ሌሊት የደረሰባቸውን ጭንቅ አጫወቱኝ። ልጃቸው አስም አለበት። በእኩለ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ ባጠረው ጊዜ፥ ማታ ማታ እንዲውጠው የታዘዘለትን ክኒን ደግመው ሰጡት። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ግን «ይለመድበታል» ስለ ተባሉ በሣጥን ተቈልፎ ነበር። ልጁ እየባሰበት ሄደ፤ ጎረቤት በመኪናው ፈጥኖ ሐኪም ቤት ባያደርሰው ኖሮ በሞተ ነበር። አባትየውም «ክኒኑ የውሸት ነውን?» ብለው ጠየቁኝ።

ክኒኑስ እውነተኛ ነው፤ ስሙም ሞንቴሉካስት ይባላል። ሥራውን ለማስተዋል ግን አስቀድሞ ጠላቱን ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ፌልድበርግና ኬላዌይ የተባሉ ሊቃውንት በአውስትራሊያ ሲመራመሩ፥ ጡንቻን ቀስ እያለ የሚያኰማትር ንጥረ ነገር አገኙ። ምንነቱ ግን 40 ዓመት ያህል ሳይገለጥ ቈየ። በ1979 ዓ.ም. ስዊድናዊው ቤንግት ሳሙኤልሶን ከባልደረቦቹ ጋር ምሥጢሩን ፈትቶ ሉኮትራይን የሚል ስም አወጣለት፤ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ስለሚገኝ ስሙ ከእነርሱ የተወሰደ ነው።

አስም ያለበትን ሰው አቧራ፥ ጢስ ወይም ጉንፋን ሲነካው ሉኮትራይን ከሕዋሳት ይወጣል። ቍልፍ በመዝጊያው ቀዳዳ እንደሚገባ፥ እርሱም በአየር ቧንቧ ላይ ባለው መቀበያ ይገባል። ያን ጊዜ ቧንቧው ይጠባል፥ ግድግዳው ያብጣል፥ አክታም ይበዛል። ሞንቴሉካስት ቀዳዳውን ቀድሞ ስለሚይዝበት ሉኮትራይን ስፍራ ያጣል።

እንግዲህ ይህ ክኒን ዘበኛ ነው። ዘበኛ የሚጠቅመው ሌባ ሳይገባ ነው፤ ከዚያ በኋላማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ስለዚህ ለአስም በየቀኑ ማታ አንድ ጊዜ፥ በታዘዘው መጠን ብቻ ይወሰዳል። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ የሚያስፈልገው ሐኪም ያዘዘው፥ በአፍ የሚሳበውና ፈጥኖ የሚከፍተው መድኃኒት ነው፤ ይህም ካላስታገሠ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይገባል። ዕብጠቱን ዕለት ዕለት የሚያበርደው ሌላው የሚሳብ መድኃኒትም ከክኒኑ ይልቅ ብርቱ ጠባቂ ነውና፥ «ክኒን አለን» ተብሎ አይተውም። ሱስ ይሆናል የሚባለውም ሐሰት ነው።

ዘበኛውንም ቢሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ መድኃኒቱ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለአስም የተፈቀደ ሲሆን፥ በ2020 ዓ.ም. የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። አንዳንዶችን ቅዠት፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ቍጣ፥ ኀዘን፥ አልፎም ራስን የማጥፋት አሳብ ያመጣባቸዋልና። በአለርጂ ለሚመጣው የአፍንጫ ሕመምም ሌላው መድኃኒት ካልረዳ በቀር እንዳይታዘዝ መክሯል። ወላጆች ሆይ፥ ይህን ክኒን የሚወስድ ልጅ ጠባዩ ቢለወጥ «ጥጋብ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ክኒኑን አቁማችሁ ፈጥናችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

እኚያ አባት ዛሬ የሣጥኑን ቍልፍ ከፍተዋል፤ የሚሳበውም መድኃኒት በልጁ ራስጌ ተቀምጧል። በእናንተስ ቤት የት ነው ያለው?