ትርፍ ምግብን በሰዓቱ ስለ መስጠት

ልጆች ሆይ፥ ከአርባ ምንጭ ወጥታችሁ በላንቴ መንገድ የሄዳችሁ እንደ ሆነ በግራና በቀኝ የሙዝ ተክል ታያላችሁ። ሙዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ይቈረጣል፤ በትልልቅ የጭነት መኪናም ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ የበሰለ ሙዝ ቢጫን ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ ነጋዴው በተክሉ ላይ ሳለ ቢጫ የሆነውን፥ ፍሬው ያነሰውን፥ ልጣጩም የቈሰለውን አይወስድም። የቀረው በመንገድ ዳር ይከመራል። አንዳንዱ ለከብት ይሰጣል፤ ይህ እንደ ጠፋ አይቈጠርም፥ ላሟ ወተት አድርጋ ትመልሰዋለችና። ሌላው ግን በፀሐይ ይጠቍራል፤ ዝንብም ይወርሰዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው ወደ ሲቀላ ተመለሱ። ሲመሽ ከምግብ ቤቶች ጓሮ ቁሙ። ፌስታል በእጃቸው የያዙ ልጆች በዚያ ቆመው ታገኛላችሁ። የሚጠብቁት ከሰው ገበታ የተነሣውን ፍርፋሪ ነው። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ፍርፋሪ «ቡሌ» ይሉታል፤ በገንዘብ የሚገዛው ድሃም አለ።

የተከመረው ሙዝና የተራበው ልጅ እጅግ የተራራቁ አይደሉም። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ታዲያ ለምን አይገናኙም? እኔ እንደሚመስለኝ በመካከላቸው የጐደለው፥ ምግቡ ሳይበላሽ የሚያመላልስ ሰው ነው። ርኅራኄስ በአገራችን ብዙ አለ። ነገር ግን ርኅራኄያችን ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ይመጣል።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፥ በቅዳሜ ቀን፥ ለሰርግ ተጠርቼ ነበር። የአዳራሹን ስም አልጠራም። ከተጠራው ሰው ብዙው ሳይመጣ ቀረ። እንጀራው በመሶብ፥ ወጡም በትልልቅ ድስት እንዳለ ተረፈ። እኔም እንደ ሌሎቹ እጄን ታጠብሁ፤ ሙሽሮቹን መረቅሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ። ይህ ሁሉ ምግብ ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም። በማግሥቱ እሑድ እኩለ ቀን ሲሆን፥ ከሠራተኞቹ አንዱ አዘነና ድስቱን አውጥቶ በበሩ ለቆሙት ልጆች አከፋፈለ። የአርባ ምንጭን ሙቀት እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ከተማሪዎቼ ሁለቱ አልመለሱም። ሆዳቸውን ታመው ተኝተው ነበር። የእኔ ተማሪዎች ከዚያ በር እንደሚቆሙ እስከዚያ ቀን ድረስ አላወቅሁም ነበር።

ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ከሁላችን ይልቅ ያሰበላቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ያ ወጥ ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት ቢሰጥ ኖሮ እራት ይባል ነበር፤ እሑድ በ6 ሰዓት ግን መርዝ ሆነ።

የበሰለ ምግብ በሞቃት አገር ሳይቀዘቅዝ ወይም በእሳት ላይ ሳይሆን ከ2 ሰዓት በላይ ሊቀመጥ አይገባውም። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት፥ ባክቴሪያ የሚባሉት፥ ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ፈጥነው ይበዛሉና። ስለዚህ ትርፍ ምግብ የሚሰበስብ ሰው ንጹሕና ክዳን ያለው ዕቃ ይያዝ፤ ምግቡ የወጣበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ወጡንም ከመስጠቱ በፊት እንደ ገና አፍልቶ ያንተክትከው። ሰው እጁን ያስገባበትን ገበታ አይሰብስብ። ከድስቱ ያልወጣውን፥ ከመሶቡ ያልተነሣውን፥ ከተክሉ የወረደውን ይሰብስብ። ጥሬ ሥጋን ጨርሶ ይተው። ዓሣም ከጫሞ ሐይቅ በጠዋት ወጥቶ እስከ ማታ ያልተሸጠና በረዶ ያልነካው እንደ ሆነ ለአባ ኮዳ መተው ይሻላል። አባ ኮዳ ሆዱን አይታመምም።

በወንጌል የ5 እንጀራና የ2 ዓሣ ታሪክ ሲነበብ ሰምታችኋል። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ 12 መሶብ ቁርስራሽ ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ የሚደነቀው በእንጀራው መብዛት ነው፤ እኔን ግን መሰብሰቡ ደግሞ ይደንቀኛል። የተሰበሰበው በዚያው ሰዓት፥ በዚያው መስክ ላይ ነበርና።

በአሜሪካ አገር በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው ነበረ። ያለ ደመወዝ በፈቃዱ ለድሆች ሾርባ በሚሰጥበት ቤት ያገለግል ነበር። ሰው ያልለቀመውን ብርቱካንና ሎሚ ከየዛፉ እየለቀመም ወደዚያ ቤት ያመጣ ነበር። አንድ ቀን የ10 ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሴት፥ ልጆቿን የምትመግበው ከትልቅ መደብር ጓሮ ከተጣለው ደኅና ምግብ እየመረጠች መሆኑን ነገረችው። ገንዘብ በባንክ እንደሚቀመጥ ሁሉ፥ ምግብም የሚቀመጥበትና የሚወጣበት ቤት ቢኖር መልካም ነበር አለችው። እርሱም በነገሩ አሰበበት፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በቅድስት ማርያም ስም የተጠራውን የምግብ ባንክ አቋቋመ። ከእርሱ በኋላ ይህ ዓይነት ቤት በብዙ አገር ተስፋፋ። አሳቡ ከድሃይቱ ሴት አፍ የወጣ መሆኑን ልብ በሉ። ሆኖም ዓለም ገና ብዙ ይጥላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በአውሮፓውያን 2022 ዓ.ም. ብቻ ከ10 ቢሊዮን ኩንታል በላይ ምግብ በየቤቱ፥ በየምግብ ቤቱና በየመደብሩ ባክኗል።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ተስቦ በመጣ ጊዜ «ማዕድ ማጋራት» የሚባል ነገር ተነሥቶ ነበር። ያለው ሰው ለሌለው ዱቄት፥ ዘይት፥ ፓስታ አካፈለ። ኩባንያዎችም ሰጡ። መልካም ሥራ ነበር፤ ብዙ ቤትም ከዚያ ቀምሷል። ነገር ግን ዘመቻ እንደ ክረምት ጐርፍ ነው፤ ሞልቶ ይመጣና ይጐድላል። የሰው ሆድ ግን በየማታው ይራባል። ደግሞም ዱቄት ለወር ይቀመጣል፥ ወጥና የበሰለ ሙዝ ግን አይቀመጡም፤ ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው በየቀኑ የሚመጣ እግር ነው።

የጋሞ ልጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለው ሥራ ለአገራችሁ እንግዳ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ስለ ተገደሉ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ተቈጥተው ወጡ። ሽማግሌዎቹም እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ሣሩን አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹን ማን አዘዛቸው? ደመወዝስ ማን ከፈላቸው? «ነገ እንመካከርበት» ቢሉ ኖሮ ነገ ምን በጠበቃቸው ነበር? እኔ ያንን ቀን ሳስብ፥ ለሰላም የተነሣ ጕልበት ለእራት ቢነሣ ምን ይከለክለዋል እላለሁ።

በዶርዜም የቆየ ልማድ አለ። ሀብቱ የበዛ ሰው «ሃላቃ» ተብሎ ይመረጣል፤ የተመረጠውም ሰው ለአገሩ ሰው ድግስ መደገስ ግዴታው ነው። አንዳንዱ ሀብቱ እንዳይታወቅበት ይሸሸግ ነበር ይባላል፤ ሰዎቹ ግን ፈልገው ይይዙታል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። የዛሬ ባለጸጋ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን ኩባንያ ነው። ኩባንያን ማን ፈልጎ ይይዘዋል? በፈረንሳይ አገር በአውሮፓውያን 2016 ዓ.ም. ሕግ ያዘው፤ ትልልቅ መደብሮች ያልተሸጠውን ደኅና ምግብ እያበላሹ እንዳይጥሉ ተከለከሉ። በእኛ አገር ሕጉ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሙዝ የሚጭን ነጋዴ ከገንዘቡ ይልቅ አንድ ነገር ቢሰጥ ይበቃል፤ እርሱም የመኪናው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የተመለሰውን ሙዝ ሳይጠቍር ወደ ከተማ ቢያደርሰው በማግሥቱ ለብዙ ልጅ ቁርስ ይሆናል። ሆቴሉም ድግሱ ሲያልቅ አንድ ስልክ ይደውል። የቀረውን ሥራ ወጣቶች ይሥሩት። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የድሆችን ቤት ሲከድኑ እናያቸዋለንና ጕልበትም ፈቃድም አላቸው።

አንዳንድ ሰዎች ግን እንዲህ ይላሉ፤ «ነጻ እንጀራ ድሃውን ሰነፍ ያደርገዋል።» ለእነዚህ ሰዎች የምመልሰው እንደ መምህርነቴ ነው። የተራበ ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይቻለሁ። ዓይኑ ሰሌዳውን ያያል፥ ልቡ ግን ከዚያ የለም። «ሀ ሁ ሂ» ብትሉት ከእናንተ በኋላ ድምፁን ብቻ ይመልሳል። ከአዲስ አበባ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን መመገብ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንፍናን የምትፈሩ ሰዎች፥ ልጁ አስቀድሞ ይብላና ከዚያ በኋላ ስንፍናውን እንይለት።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን መንግሥት የሚያበስለው የመደበውን እህል ነው፤ በሆቴሉ ድስት ቅዳሜ ማታ የተረፈውን ግን በሰዓቱ የሚያየው በአጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። እኔም በዚያ ሌሊት በአጠገቡ ነበርሁ።

ስለዚህ በዚህ ወር ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ አንዲት ወጥ ሠሪ ሄድሁ። ብዙ ሰው የሚመገብበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ማታ የተረፈውን ሳይበርድ እንድትሰጠን፥ ሁለት ጐበዛዝት መጥተው እንዲወስዱት ለመንኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያም እጇን በሽርጧ እየጠረገች «መምህር፥ ምግቡንስ እሰጣለሁ፤ ድስቱን ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። ብዙ ነገር አስቤ ሄጄ ነበር፤ ስለ ድስቱ ግን አላሰብሁም። ድስቱ ካልተመለሰ ለነገ የምትሠራበት የላትም፤ ከደመወዟም ይቈረጥባታል።

ዓርብ ማታ በ3 ሰዓት ድስቱን ለመውሰድ ከጐበዛዝቱ ጋር እሄዳለሁ። ታጥቦም በማግሥቱ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት እንዲመለስላት ቃሌን ሰጥቻታለሁ።