ገብስስ ገብስ ነው፤ አሠራሩስ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈራችን አባወራ በጠዋት በሬን አንኳኩ። ስኳር ከያዛቸው 10 ዓመት አልፏቸዋል። የስኳር መለኪያቸውን እንደያዙ፣ «ሲስተር፣ ጤፉን ቀነስ አድርገው ገብስ ይብሉ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? ይኸው 287!» አሉኝ።

ቁርስ ምን እንደበሉ ጠየቅኳቸው። ለካ በትልቅ ኩባያ በሶ በማር ተበጥብጦ ጠጥተዋል። «ገብስ እኮ ነው» አሉኝ ደግመው።

እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ለስንቱ የስኳር ሕመምተኛ «ገብስ ብሉ» ብዬ አሰናብቻለሁ! ወረፋው ረጅም ነበር። እንዴት ተሠርቶ፣ ምን ያህል የሚለውን የነገርኳቸው ግን ጥቂቶቹን ነው።

ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የፋይበር ዓይነት አለ። ቂንጬ ሲበስል የምታዩት ዝልግልግ ነገር ከእሱ የሚመጣ ነው። ሆድ ውስጥም እንደዚያው እየሆነ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። በቀን 3 ግራም ያህል አዘውትሮ ያገኘ ሰው ኮሌስትሮሉም ዝቅ ይልለታል። ይሁንና 100 ግራም ጥሬ ገብስ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው፤ በዚህ ከጤፍ እምብዛም አይለይም። ፍሬው እንዳለ ሲበላ ሰውነት ለመፍጨት ጊዜ ይወስድበታል። ተቆልቶ ልሞ ሲፈጭ ግን ወፍጮው ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል። ተበጥብጦ ሲጠጣ ደግሞ ማኘክ እንኳ የለም፤ ማሩን ጨምሩበት እንግዲህ!

እኔ ቤት የሚሠራው ከፍትግ ገብስ ነው። ገበያ ስትሄዱ «የቆሎ ገብስ» በሉ፤ መፈተጉን ግን በእጃችሁ ዘግናችሁ እዩ፣ ገለባው ካልለቀቀ ሙቀጫ ፍለጋ መዞራችሁ ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ለቅሜ፣ አጥቤ ማታ እዘፈዝፈዋለሁ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ በሦስት ብርጭቆ አዲስ ውሃ እጥደዋለሁ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሼ 40 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፤ ፍሬው መለስለስ አለበት፣ መፍረስ ግን የለበትም። ጨው ጣል አድርጌ በአንድ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ደግሞ በዘይት አወርደዋለሁ። ከጎኑ ጎመን ካለ ለሦስት ሰው ይበቃል። የተረፈው ማታ ከካሮትና ከምስር ጋር ሾርባ ይሆናል። ጊዜ የሌለው ሰው የተከካውን ቂንጬ ይሥራ፤ ቶሎ ይበስላል፣ ከዱቄቱም ይሻላል።

በሶን አልከለክልም። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ እንዴት ብዬ! ለመንገደኛ፣ ለሯጭ፣ አራሽ ለዋለ ገበሬ ጉልበት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ግን በጨውና በትንሽ ዘይት ለውሶ እንቁላል የምታህል ጭብጥ ይብቃው፤ እሷም በእንጀራው ፋንታ እንጂ በላዩ ላይ አይደለም። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የምትወስዱ ምግብ ስትቀይሩ ቶሎ ቶሎ ተለኩ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱም አደገኛ ነው። ግሉተን የማይስማማው ሰው ደግሞ ገብስን ጨርሶ አይንካ፤ ለእሱ ጤፉ ይሻለዋል።

ጎረቤቴን በማግስቱ ቁርስ ጠራኋቸው። ከዚያው ከፍትጉ አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ከጎመን ጋር አቀረብኩላቸው። «ይቺ ናት?» ብለው ሳህኑን አዩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለኩ 171 ሆነ። አሁን በየሳምንቱ ፍትግ የሚገዙት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔም ያመጡልኛል። ማሩን ግን ገና አልተዉትም፤ «ለጉንፋን ነው» ይሉኛል።