ኩንታሉ ተቆጠረ፤ የእናቶቹ ጭንቀትስ?

ድርቅ በመጣ ቁጥር ባለሥልጣኖቻችን የሚያውቁት ሒሳብ አንድ ነው፤ የተረጂ ቁጥርና የስንዴ ኩንታል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ መሆኑን መንግሥት ራሱ አመነ። ከነዚያ ውስጥ ስንቷ እናት እንቅልፍ አጥታ አደረች? ይህን የጠየቀ ኮሚቴ እኔ አላየሁም።

ኩታበርን ውሰዱ። ከደሴ አፍንጫ ሥር ናት፤ በልግ የሚጠብቅ ደጋ። ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ የሚገባው ሲቀር ፀሐይ ትከራለች፣ ምንጭ ይደርቃል፣ ከብት ይከሳል። ወንዱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሴቲቱስ? እንስራዋን አዝላ ሩቅ ወንዝ ትወርዳለች፣ በጠራራ ፀሐይ ኩበት ትለቅማለች፣ ማታ «እማዬ ራበኝ» የሚለውን ልጅ የምታባብለውም እሷው ናት። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየች አሮጊትማ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ምን እንደሚታያት እናንተው ገምቱት። በዚህ ላይ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ እዚያው ኩታበር ድረስ መጣ፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ።

የኛ ሰው «ድባቴ» አይልም፤ እሱ የሐኪም ቃል ነው። «ሐሳብ ጨረሰኝ፣ ልቤን አፈነኝ፣ ራሴን ይመታኛል» ነው የሚለው። እንዲህ ብላ ጤና ጣቢያ ለሄደች ሴት ምን ይሰጧታል? የራስ ምታት ክኒን! ሲብስባት ጸበል ወይም ዱዓ ነው ተስፋዋ። በጸበሉም በዱዓውም አልቀልድም፤ ቢያንስ እዚያ የሚሰማት ሰው አለ።

ወረቀትማ ሞልቶናል። በ2004 ደርባን ላይ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ለዓለም አሳየን። በ2005 ደግሞ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ፤ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ድረስ ይወርዳል ተባለ። ሁለቱ ወረቀቶች ኩታበር ላይ ሲገናኙ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ከ1997 ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡርንና አጥቢን ከእርከን ሥራ ነፃ ያደርጋል። እሰየው! ሆዷ ሲገፋ አዩላት ማለት ነው። ጭንቀት የሰበራት ግን ዶማዋን ይዛ ካልወጣች ሰነፍ ናት!

የምጠይቀው ሰማይ ቤት ያለ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ራሳቸውም ሴቶች ናቸው። «እቴ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብለው እንዲጠይቁ ይሠልጥኑ። የእርዳታ ስንዴ ሲጫን የአእምሮ መድኃኒቱም አብሮ ይጫን። የደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ «ይህንን እናደርጋለን» ካለ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በስንት ባለሙያ እንደሆነ ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው።