ባትሪ በስም ሲገዛ

ደብረ ታቦር ላይ የሶላር ባትሪ አሻሻጡ አጭር ነው። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች በባትሪው ጫፎች ላይ ያሳርፋል፤ 13 ነጥብ ምናምን ቮልት ይነበባል። አንድ አምፖል አገናኝቶ ያበራል። ገዢው «ምን ብራንድ ነው?» ይላል። የሚያውቀው ስም ከሆነ ዋጋ ተከራክሮ ይከፍላል። የማያውቀው ከሆነ ወይ «ፌክ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሻገራል፣ ወይም ርካሽነቱ ያሸንፈውና «እስቲ ዕድሌን ልሞክር» ይላል። የታወቀውን የገዛውም፣ ያልታወቀውን የሞከረውም ገንዘቡን የሰጠው ባትሪው ስንት እንደሚይዝ ሳይለካ ነው።

ስም ያለውን ማመን፣ ስም የሌለውን መናቅ ጥንቃቄ ይመስላል። ጥንቃቄ ግን አይደለም። ከአንድ ባትሪ ላይ ለመኮረጅ በጣም ቀላሉና በጣም ርካሹ ነገር ስሙ ነው፤ የሚታተም ወረቀት ነውና። ገዢው ስም ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ አጭበርባሪው ስም ያመጣለታል። ያልታወቀ ፋብሪካ ደህና ዕቃ ሠርቶ ቢያመጣ ደግሞ ማንም ስለማይለካለት ከአጭበርባሪው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋውም ከእሱ እኩል ይወርዳል። እንዲህ ያለ ገበያ ሐቀኛውን አባርሮ ሌባውን ያስቀራል።

የሚጎዳውም ብዙ ነው። ከፋርጣ እስከ ስማዳ፣ ከእብናት እስከ ታች ጋይንት የመብራት መስመር ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች አሉ። መስመሩ ባለበትም መብራቱ ሄዶ እስኪመጣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሞባይል ጠጋኙና የካፌው ባለቤት በባትሪ ይቆያሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 ከሕዝቡ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ፣ በዋነኝነት በፀሐይ ኃይል፣ ለመድረስ አቅዶ ነበር። ፀሐይ ደግሞ ማታ የለችም። የደብር ሞንታርቦ የሚጮኸው፣ ተማሪው የሚያጠናው፣ የገጠሩ ሰው ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው በባትሪ ነው። ኩራዝና ላምባ ቤቱን ለቀው የወጡት ይህ ባትሪ ይተካል ተብሎ ነው።

እስቲ ወደ ቴስተሩ እንመለስ፤ ትልቁ ማታለያ እሱ ነውና። አሁን በሶላር ገበያ «ሊቲየም» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ገደማ አለው፤ አራቱ ሲደረደሩ 12.8 ይሆናል። የዚህ ዓይነት ባትሪ ጠባዩ፣ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጀምሮ አምስተኛው እጅ እስኪቀረው ድረስ ቮልቱ እምብዛም ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ 13.2 ቮልት ያሳየ ባትሪ ግማሹ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዘውም፣ 20 ብቻ የሚይዘውም ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩት ቁጥር አንድ ነው። በድሮው የመኪና አሲድ ባትሪ ላይ ቮልት አይቶ የባትሪውን ሁኔታ መገመት ትንሽም ቢሆን ይሠራ ነበር፤ ልማዱ ከዚያ መጥቶ ሊቲየሙ ላይ ተለጠፈ። ለአምስት ደቂቃ የበራው አምፖል የሚያረጋግጠው ባትሪው በድን አለመሆኑን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አለ። በእጅ ባትሪዎችና በትንንሽ የሶላር መብራቶች ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ሴል ስሙን ያገኘው ከመጠኑ ነው፦ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር። በዚህ መጠን ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የደረሱበት አቅም ከ3,600 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አይርቅም። ገበያው ላይ ግን 9,900 የተጻፈበት አለ። ይህን ቁጥር ሐሰት ለማለት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሴል የለም። በአንጻሩ 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ በልኬት 12 ወይም 13 ሺህ ቢያወጣ ሻጩን ሌባ ማለት አይገባም። 20,000ው የውስጥ ሴሉ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው፤ ወደ ስልክ የሚወጣው በ5 ቮልት ስለሆነ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፣ በመቀየሩም ጥቂት ይባክናል። የማይለካ ገበያ በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታል፤ ዓይን ያወጣውን ውሸት ይገዛል፣ እውነተኛውን ይሰድባል።

ለስም የሚሰግድ ሰው ከራሳችን አየር መንገድ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. በዓለም ላይ ያሉ የቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። ምክንያቱ ጂ ኤስ ዩዋሳ የተባለው ስመ ጥር የጃፓን ኩባንያ የሠራው የሊቲየም ባትሪ በሁለት አውሮፕላኖች ላይ በመቃጠሉና በመጨሱ ነበር። ባትሪው በአዲስ መያዣ ከታሸገ በኋላ መንገደኛ ጭኖ ቀድሞ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን በሚያዝያ 19 ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረረ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት የቆመው «ንግሥተ ሳባ» የተባለው ድሪምላይነር ጣሪያው በእሳት ተበላ። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው ሃኒዌል ከተባለው ኩባንያ የመጣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪ መሣሪያ ሆኖ አገኙት፤ የትንሿ ሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ከቦይንግ፣ ከሃኒዌልና ከዩዋሳ በላይ ስም ከየት ይመጣል? ሳምሰንግስ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው ቃጠሎ የተነሣ በሚሊዮን ቆጥሮ መሰብሰቡ መቼ ተረሳ?

እነዚህ ኩባንያዎች ከስህተታቸው የወጡት ስማቸውን ጠቅሰው አይደለም። ባትሪውን ፈትተው፣ ሞክረው፣ እንደገና ሠርተው፣ ውጤቱንም ለተቆጣጣሪ አሳይተው ነው። ደብረ ታቦር ላይ የታወቀ ስም የለጠፈ ዕቃ ሲገዛ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከስሙ ጋር አብሮ የመጣ ይመስላል። የሳምሰንግ፣ የኤልጂና የሶኒ ሽፋን የለበሱ ሐሰተኛ ሴሎች ዓለምን አጥለቅልቀዋል፤ ማንም የማያውቀውን ስም አስመስሎ የሚሠራ ግን የለም።

በተቃራኒው ያልታወቀው ሁሉ ፌክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአዲስ አበባን ጎዳና የሞላው ቢዋይዲ ገና ሲጀምር ቀርቶ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1995 ሼንዘን ውስጥ ሲቋቋም ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎችን በርካሽ የሚሠራ፣ ስሙ የማይታወቅ ፋብሪካ ነበር። አሁን በባትሪ ዓለምን የሚመራው ካትል እ.ኤ.አ. በ2011 አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ርካሽነትም ብቻውን ወንጀል አይደለም። የሊቲየም ባትሪ የዓለም አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 በኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ብሉምበርግ በ2024 ሲያሰላው 115 ዶላር ደርሷል። በርካሽ የመጣ ባትሪ በዚህ ቅናሽ የመጣም ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ካለፈ ወዲህ «ኦርጅናሉን ግዛ» የሚለው ምክር ለጋይንት ገበሬ «አትግዛ» ከማለት አይለይም።

ይህ ማለት ተራው ዕቃ ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ፈተና የወደቁ ሴሎች፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትተው አዲስ ሽፋን የለበሱ፣ እንዲከብዱ አሸዋ የተሞሉ ፓወር ባንኮች ሁሉም አሉ። የደጋው ነገር ሲጨመር ይብሳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ተራራ ከ4,100 ይበልጣል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ውርጭ ይጥላል። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች እየቀዘቀዘ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ሊቲየም ብረት ሆኖ ይጋገራል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ደህና የመከላከያ ሰሌዳ፣ ባለሙያዎቹ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ባትሪው እስኪሞቅ ቻርጁን ያቆማል። ርካሾቹ ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ውድ ሆነውም የሌላቸው አሉ። ለጉና ግርጌ ገዢ ከብራንዱ ስም ይልቅ ይህን መጠየቅ ይበጀዋል፤ ወይም ባትሪውን ከደጅ ሳይሆን ከምድጃው ቤት ማስቀመጥ።

መለካቱ ከባድ ቢሆን ልማዱን መውቀስ ግፍ ነበር። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ሚዛን ላይ ይውጣ። በዚህ አቅም አራቱ ሴሎች ብቻ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ከነሣጥኑ 5 ኪሎ የሆነ ባትሪ 100 ሊይዝ አይችልም። መክበዱ ግን ለሐቀኝነቱ ምስክር አይሆንም፤ አሸዋም ይከብዳል። ሁለተኛው ልኬት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነው፤ 12 ቮልት፣ 55 ዋት፣ ከማንኛውም መለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ። ባትሪው በደንብ ይሞላል፣ አምፖሉ ይገናኛል፣ ሰዓት ይያዛል። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ከገለባና ከጨርቅ ይራቅ። እውነተኛ 100 ከሆነ 20 ሰዓት ገደማ ማብራት አለበት፦ ጠዋት 2 ሰዓት የበራው እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይዘልቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጠፋ የተገዛው የ40 ባትሪ ነው። 80 ወይም 85 ቢያወጣና ዋጋው ግማሽ ቢሆንስ? ያኔ ስሙ ያልታወቀው ርካሽ ባትሪ ከታወቀው ይልቅ አዋጪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን የለካ ሰው ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቶቹም ከስም አምልኮው አልዳኑም። በዓለም ባንክ ቡድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ላይቲንግ አፍሪካና ተከታዮቹ የሶላር ዕቃ ናሙና በዘፈቀደ አንሥቶ የመፈተን ጥሩ ሥርዓት ዘርግተዋል። ገበያው ከዚያ የወሰደው ግን አፈታተኑን ትቶ የብራንዶቹን ዝርዝር ነው። ያ ሥርዓት የሚመለከተው ደግሞ ተሟልተው የሚሸጡ ትንንሽ ኪቶችን ነው፤ ለብቻው በካርቶን የሚመጣውን ባለ 100 ባትሪ አይነካውም። የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ገበያ ወጥቶ የሥጋ ቤትና የእህል ነጋዴ ሚዛን ይፈትሻል፤ ኪሎ ያጎደለ ይቀጣል። 60 አምፔር ሰዓት ያጎደለውን ግን የሚፈትሽ የለም፣ ጉድለቱ በብር ሲመነዘር ከሥጋው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫ በጋፋት ስም የሰየመ ዩኒቨርሲቲ አለ። በወር ከየሱቁ አንድ አንድ ባትሪ ወስዶ ለክቶ ውጤቱን ቢለጥፍ ለተማሪዎቹ ልምምድ፣ ለከተማው ጥበቃ ይሆን ነበር።

ሕጉ ከሁሉም ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብትም አለው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው በየሱቁ የተለጠፈ ጽሑፍ ከዚህ አዋጅ ጋር አይስማማም፤ ያም ሆኖ እንደ ሕግ የሚከበረው ጽሑፉ ነው። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ደግሞ መብቱን የሚያስረዳበት የለውም። ደረሰኝ ያለውም ብዙ ጊዜ «ባትሪ 1» ተብሎ ብቻ ተጽፎለታል።

ነጋዴዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፦ ከመርካቶ ያመጣነውን እያንዳንዱን ባትሪ ለ20 ሰዓት እያበራን ልንሸጥ አንችልም ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም እንዲህ አልጠየቃቸውም። ሃያ ባትሪ የሚጭን ነጋዴ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሁለቱን አዲስ አበባ ላይ ቢያስለካ የሚያጣው አንድ የአልጋ ኪራይ ነው። ለደብሩ ሞንታርቦ ባትሪ ሊገዛ የተላከ የሰበካ ጉባኤ አባልም ሻጩ እያንዳንዱን ዕቃ እንዲለካ አይጠብቅም፤ የሚጠይቀው ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፦ «100 አምፔር ሰዓት፤ ባለ 55 ዋት አምፖል ከ18 ሰዓት በታች ካበራ ይመለሳል»፣ ከሥሩም ፊርማና ማኅተም።