ኦሺን የምታስተምረን ትዕግሥትን ነውን?

«ኦሺን» የተሰኘው የጃፓን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በተነሣ ቁጥር ከተመልካቹ አፍ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ «አቤት ትዕግሥት!»። ተማሪዎቻችን ከእሷ ቻይነትን ይቅሰሙ የሚሉም አልታጡም። እኔ በዚህ አልስማማም። ድራማውን ለትዕግሥት ስብከት ማዋል በውስጡ ያለውን ብርቱ ክስ መሠረዝ ነው ባይ ነኝ።

ላላዩት ጓዶች ባጭሩ፦ ሱጋኮ ሃሺዳ የደረሰችው ይህ ድራማ በጃፓኑ ኤን.ኤች.ኬ. ከ1983 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በ297 ክፍሎች ከታየ በኋላ ከ60 በላይ ለሆኑ አገሮች ተዳርሷል። ሲጀምር ኦሺን የደላት አሮጊት ናት። ቤተሰቧ አዲስ የሱፐርማርኬት ቅርንጫፍ በሚከፍትበት ዕለት ድንገት ትሰወራለች። የልጅ ልጇ ፈልጎ ሲያገኛት ያለፈ ኑሮዋን ታወጋዋለች፤ ወጉም ወደ 1907 ይመልሰናል።

ወላጆቿ አያቶቻችን «እኩል አራሽ» ይሉት እንደነበረው ዓይነት ጭሰኞች ናቸው፤ የምርቱ ግማሽ ለባለመሬቱ ነው። በቤት የሚበላው ሩዝ እንዲበረክት ሥራሥር ይቀላቀልበታል። ከቤቱ አንድ አፍ መቀነስ ስላለበት የሰባት ዓመቷ ልጅ ለአንድ ዓመት በአንድ ጆንያ ሩዝ ለግርድና ትሰጣለች። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። እናቷ ፅንስ ለማስወረድ በክረምት ወንዝ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ባየች ጊዜ ግን «እሄዳለሁ» አለች። ይህን ትዕይንት አይቶ ስለ ትዕግሥት የሚያወራ ሰው፣ ምን አይቶ ይሆን?

ደግሞስ ኦሺን መቼ ታገሠች? አያቷ የሰጠቻትን ሃምሳ ሴን «ሰርቀሻል» ተብላ በተቀማች ጊዜ በበረዶ ውስጥ ጠፍታ ሄደች። አድራ በባሏ አገር በሳጋ የአማቷ ግፍ ሲበዛባት ልጇን ይዛ ወጣች። ኑሮዋ የሚለወጠው በቃኝ ባለች ቁጥር ነው። ዝም ባለችበት ጊዜ የደረሰውንም እንይ። ባሏ ሪዩዞ ለጦር ሠራዊቱ ዕቃ እያቀረበ ኑሯቸው ሲሻሻል ቅር እያላትም ቢሆን አብራ ቀጠለች። የበኩር ልጇ ከጦርነቱ ሳይመለስ ቀረ፤ ሪዩዞም ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ራሱን ገደለ። የመቻልን ዋጋ ማስላት የፈለገ ከዚህ ይጀምር።

ድራማው ራሱ ከሂስ ነፃ አይደለም። በየቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ስለሚታይ በየክፍሉ አንድ እንባ ማፍሰስ ግድ የሆነበት ይመስላል። በሳጋው ክፍል ይህ ይብሳል፤ የርስትና የቤተሰብ ሥርዓት ያመጣው በደል የአንዲት ክፉ አማት ጠባይ ሆኖ ይቀራል። በሕፃንነቷ ያሠቃየቻትም ሌላይቱ አገልጋይ ሆና ስለምትታይ እሷን ስንረግም በሩዝ የገዟትን ጌቶች እንረሳለን።

ለእኛ ለመምህራን ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። በዚያው በ1907 የጃፓን መንግሥት የግዴታ ትምህርትን ከአራት ወደ ስድስት ዓመት አሳድጎ ደንግጎ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ክፍያም ከ1900 ጀምሮ በመሠረቱ ቀርቷል። ታዲያ ሕጉ እያለ ኦሺን የት ነበረች? የጌቶቿን ሕፃን አዝላ ከክፍሉ መስኮት ሥር! መምህሩ አላባረሯትም፤ ሕፃኑን እንዳዘለች ገብታ እንድትማር አደረጉ። ተማሪዎቹ ግን እሷንም ሕፃኑንም አስቸገሩ፤ ልጅቷም ተወችው። በኋላ ማንበብና መጻፍን በሚገባ ያስተማራት ከሩስያና ጃፓን ጦርነት የከዳ፣ በተራራ የተደበቀ ወታደር ነው።

ስለዚያ መስኮት ብዙ ሊባል ሲችል ድራማው ቶሎ ወደ ሌላው መከራ ያልፋል። መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ልጅቷን አስገቡ እንጂ ክፍሉን አላሰናዱላትም። እንዲህ ዓይነት ልጅ በእኛም አገር አለች፤ ገጠር ታናሿን አዝላ በር ላይ ትቆማለች፣ ከተማ ከሰው ቤት ሥራ ውላ በማታው ክፍል ታንቀላፋለች። በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜያችን የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ ለእሷ የሚሆን አንድ መስመር አይቼ አላውቅም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን ይይዘዋል? ከጎኗ የሚቀመጠው የትኛው ተማሪ ነው? አሠሪዋን ማን ሄዶ ያነጋግራል፣ መምህሩ ወይስ ርዕሰ መምህሩ? በሚቀጥለው የውይይት ምሽታችን ስለ ኦሺን ከተነሣ ክርክሩን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንጀምር እላለሁ።